ባዶውን የማይመለስ ፎልደር

ሰሞኑን ወደ አቀስታ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሾፌር ጠዋት ጠዋት መንፈሳዊ ነገር የሚከፍት ዓይነት ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይቀናኛል። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ራሴን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጌ ነበር። ከመካነ ሰላም ወጥተን ብርዱ ጠንከር እያለ ሲመጣ ከድምፅ ማጉያው የአንድ ሽማግሌ ዜማ ተሰማ። መቋሚያ ወለሉን ሲመታ ይሰማል፣ ራቅ ብሎ ዶሮ ይጮኻል። ሽማግሌው መሀል ላይ አቋረጡና በዚያው ድምፃቸው «ጥሩዬ፣ በሩን መለስ አድርጊው፤ ነፋስ ገባ» አሉ። በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሳቀች። እኔ ግን ደንግጬ ቀና አልኩ። ያንን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት እኔው በገጠምኩት ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩና ድምፁ በአንድ ቀን አብረው እንደጠፉም አውቃለሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የጠፋ ነገር ሚኒባስ ውስጥ ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያ ዘመን ፍላሽ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ዘመን ነው። ወጣት መምህራን ከማተባቸው ጎን ፍላሻቸውን አስረው ይሄዱ ነበር፤ ከሸሚዙ ሥር ሁለት ክር ይታያል፣ አንዱ የክርስትና፣ አንዱ የአራት ጊጋ። ቦርሳ ማለት የላፕቶፕ ቦርሳ ነበር፤ ላፕቶፕ ኖረበትም አልኖረበትም። ብዙዎቹ ውስጥ የምሳ ዕቃና ጠመኔ ነበር ያለው። የቆዳ ጃኬት የገዛ ሰው በጋም ክረምትም አያወልቀውም፤ በእኛ ብርድ ደግሞ ማንም አይፈርድበትም። መናኸሪያው ጥግ፣ ዛሬ ባለ መስታወት ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ፣ አንዲት የቆርቆሮ ዘፈን መጫኛ ሱቅ ነበረች። ሚሞሪህን ለባለቤቱ ትሰጠዋለህ፣ አምስት ብር ትከፍላለህ፣ እሱ የወደደውን ይጭንልሃል። ክረምቱን ሙሉ የምትሰማው የእሱን ምርጫ ነው። እኔ ባልወደድኳት አንዲት የሠርግ ዘፈን ስንት ወር እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ዛሬ ግን የትም ቦታ ብሰማት ቆሜ አዳምጣታለሁ። አንድ ገጽ ማሳተም ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ይወደድ ስለነበር ሰው ሁሉ ይቀዳል። ፍላሽ ይዋሳል፣ ቫይረሱም አብሮ ይዋሳል። አሁን ልጆቹ ተኝተው ከአገር አገር ይላላካሉ፤ ጥሩ ነው። ፍላሽ ለመዋስ ግን ሰው ቤት ሄዶ፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ጠይቆ፣ ቁጭ ማለት ነበረበት። ያ ቀርቷል።

የዚያን ጊዜ ከመካነ ሰላም ወጣ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። የተማሪ መጽሐፍ ስለማይበቃ መምህራኑ ማስታወሻና መልመጃ የየራሳቸውን ይጽፋሉ፤ የጻፉትም በየፍላሹ ተበትኖ ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሞላ አንድ ቀን ጠሩኝና «እንደ ጎተራ አንድ ቦታ ይከማች፣ ሁሉም ከየተቀመጠበት ይዝገን» አሉኝ። ከነበሩን ኮምፒውተሮች ጉልበት ያለውን መርጬ ሰርቨር፣ ማለትም የሁሉም ፋይል ማከማቻ፣ አደረግኩት። የጎን ክዳን አልነበረውም፣ ሲሠራ ግን ሠራተኛ ነበር። ሶፍትዌሩን ጫንኩበት፣ አንድ ፎልደር ከፍቼ ስሙን «የጋራ» አልኩት፣ ለሁሉም ሰው ክፍት አደረግኩት። ኬብሉን በመስኮት አውጥቼ፣ በጣሪያው ክፈፍ ሥር አሳልፌ፣ መምህራን ማረፊያና ጸሐፊዋ ክፍል ድረስ ዘረጋሁት። ከባዱ ሥራ የኬብሉ ጫፍ ነበር። ስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው ተራ መግባት አለባቸው። በዚያ ብርድ ጣት አይታዘዝም፤ አንዱ ከተራው ይወጣል፣ ትቆርጠዋለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ጥበቃችን ጋሽ ይመር አጠገቤ ቆመው «መምህር፣ ሹሩባ ይመስላል፤ ሚስትዎን ለምን አይጠሩም?» ይሉኝ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሙከራውን ያደረግነው ከጸሐፊዋ ከጥሩወርቅ ጋር ነው። እኔ ከሰርቨሩ ፊት ተቀምጬ አንድ ጽሑፍ ከፈትኩ፣ «ደኅና አደርሽ?» ብዬ ጻፍኩና ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ በመስኮት «አሁን ክፈቺው! ጻፊበትና አስቀምጪው!» ብዬ ጮህኩ። ጥቂት ቆይቼ ፋይሉን እንደገና ስከፍተው ከእኔ መስመር ሥር «አልሐምዱሊላህ፤ እርስዎስ ደኅና አደሩ?» ይላል። ጥሩወርቅ የዜማ መምህሩ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት፤ ያደገችው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ነው። እኛ አገር ግን አልሐምዱሊላህ የሁሉም ነው። ያችን መስመር ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ነገር ገጥሜ ብዙው እምቢ ያለኝ ሰው ነኝና፣ የሠራው ነገር ሠርቶ ሲያይ ሰው ምን እንደሚሰማው በደንብ አውቃለሁ።

ቀጥሎ የመጣውን ግን አልጠበቅኩም። እኛ ዘንድ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሰፌድ የተዋሰ እፍኝ ሽንብራም ቢሆን ጣል አድርጎበት ይመልሳል፤ ባዶ ሳህን የሚልክ ሰው ስሙ ይነሳል። ይህ ልማድ እስከ ኮምፒውተር ይከተለናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። መምህራኑ ከፎልደሩ መልመጃ በወሰዱ ቁጥር የሆነ ነገር እየተዉ መሄድ ጀመሩ። የሒሳብ መምህሩ አንድ ማስታወሻ ወስዶ የእህቱን ሠርግ ቪዲዮ አስቀመጠ፣ ከነሽማግሌ ምርቃቱ። የስፖርት መምህሩ ኳስ ጨዋታ አመጣ። አንዱ አዲስ የተገዛች በቅሎውን ከነኮርቻዋ ከአራት አቅጣጫ አንስቶ አስገባ። ሌላው ለበዓል መልካም ምኞት ጻፈ። ኮምፒውተር መንካት የማይወዱት ጋሽ ይመር እንኳ የወሰዱት ነገር ሳይኖር ጋቢያቸውን አምጥተው ሰርቨሩን ሸፈኑት፤ «ክዳን የለው፣ ብርድ ይመታዋል» ብለው። ማራገቢያው ታፍኖ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ደረስኩ።

«ኧረ እናንተ፣ ይሄ ፎልደር ነው እንጂ ሰፌድ አይደለም!» አልኳቸው ማረፊያ ክፍል ገብቼ።

«ታዲያ በባዶ ይመለሳል?» አለኝ የሒሳብ መምህሩ፤ እውነቱን ነበር የተገረመው።

ጥሩወርቅም ተራዋ ደረሰ። ደብዳቤ ማዘጋጃ ቅጾችን ከፎልደሩ ስትወስድ ከርማ ነበርና አንድ ሰኞ አባቷን በስልኳ የቀዳችበትን ድምፅ አስገባች። መሪጌታ ጥበቡ በንግሥ ቀን የሚባለውን ዜማ ቤታቸው ተቀምጠው ሲያዜሙ ነው የቀዳቻቸው። ለምን ያንን እንዳመጣች ስጠይቃት «ሌላ ምን አለኝ ጋሼ? ቤቴ ውስጥ ደኅና ነገር እሳቸው ናቸው» አለችኝ። ሁላችንም ሰማነው፤ በሩን መለስ አድርጊው የሚለው ላይ ስንደርስ ሁላችንም ሳቅን። መሪጌታ የመናኸሪያው ጥግ ዘፋኞች ዓይነት ድምፅ አልነበራቸውም፤ ሻከር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር። ተማሪ ሲሳሳት ግን ሳያርሙ አያድሩም ይባል ነበር።

በዚያው ዓመት ሁለት ነገር ሆነ። የጥሩወርቅ ስልክ ውኃ በርሜል ውስጥ ወደቀና አልተነሣም። ከእሱ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ መሪጌታ ጥበቡ ዐረፉ። ተቀብረው፣ ልቅሶው አልቆ፣ ሥራ በገባች ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መጣች። ጥቁር ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ፎልደሩን ከፈተች፣ አባቷን ሰማች። በማግስቱም መጣች። ከዚያ ወዲያ የእሷ የምሳ ሰዓት ያ ሆነ። ማዳመጫው አንድ ጆሮው ብቻ ስለሚሠራ ነቅላ ትተወዋለች፤ እኔም ዳቦዬን እየገመጥኩ አብሬ እሰማለሁ። አንድ ቀን ሳልጠይቃት «ፊታቸው አይጠፋኝም። ድምፃቸው ነው ከዚህ ስወጣ የሚርቀኝ» አለች። ለሰርቨሩ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገዛ ጠይቄ ነበር፤ በጀት የለም ተብሏል። ወደ ሲዲ የሚቀዳ መሣሪያ አልነበረንም፤ ፍላሽ ላይ ልገልብጥላት እያልኩም ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። እሷ ደግሞ ነገሩ ከጎተራ ገብቷል ብላ አምናለች፤ ጎተራ የገባ እህል ደግሞ ሁለተኛ ጎተራ አይሠራለትም።

ፈተና ሲደርስ ፎልደሩ ሞላ። ጥያቄ የጻፈ መምህር ሊያስቀምጥ ሲል «ቦታ የለም» እያለ ይመልሰዋል። አቶ ሞላ መምህራኑን ሰብስበው የማያስፈልገው ሁሉ እንዲጠፋ አዘዙ። እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው ይሉኝታ የወጣው። ሌላ ሰው ያመጣውን አጥፉ ያለ አንድም አልነበረም፤ እያንዳንዱ የእኔ ካልጠፋ ብሎ ሞገተ።

«የእህቴ ሠርግ ይጥፋ፤ እሷም ቢሆን ከባሏ ብዙ አልተስማማችም» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«በጭራሽ! ምርቃት ያለበት እንዴት ይጠፋል? ኳሱ ይጥፋ እንጂ» አለ የስፖርት መምህሩ።

«ኳሱስ ምን በደለ? የኔ በቅሎ ናት የምትወጣው። በቁሟ አለችልኝ፣ ፎቶዋ ምን ያደርግልኛል?»

ሒሳብ ልክፈል እያለ የሚታገል ሰው ያየ ይህንን ያውቀዋል። ጥሩወርቅ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ተራዋ የደረሰ መስሏት፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «የኔም… የኔም ይጥፋ» አለች። የምሳ ሰዓቷን የማያውቅ አልነበረም። እኔ ፈጠን ብዬ «የድምፅ ፋይል ምን ክብደት አለው፣ ከሠርጉ አንድ ምርቃት አያክልም። እሱ ይቀመጣል» አልኩ። እውነትም ነበር። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ሠርጉን፣ ኳሱንና በቅሎዋን አወጣናቸው፣ ቦታ ተገኘ፣ የመሪጌታ ዜማ ባለበት ቀረ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማየው።

በሳምንቱ መብራት ሄደ። መሄዱ ብርቅ አይደለም፤ አመጣጡ ነው የከፋው። ግንቦት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ነበር፤ መብራቱ ቦግ ብሎ መጣ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ቦግ አለ። ሰርቨሩ ሲነሣ ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ያንን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ መስማት አይፈልግም። ዲስኩን ነቅዬ፣ በሹራብ ጠቅልዬ፣ ደሴ ድረስ ወሰድኩት። ባለሙያው ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠው፤ የቀለጠ ቅቤ የሚያይ ገበያተኛ ይመስል ራሱን ነቀነቀና «አልቋል» አለኝ። መልመጃዎቹ ከየመምህሩ ተለቅመው ተመለሱ። የሒሳብ መምህሩ ሠርጉ ሌላ ቦታ ኖሮት ነበር። የመሪጌታን ዜማ ማን ወስዶ እንደሆነ ሁሉንም ጠየቅኩ። አንዱ «ነበረኝ፣ በላዩ ዘፈን ጫንኩበት» አለ፤ ሌሎቹ የለንም አሉ። ለጥሩወርቅ ልነግራት ስገባ ከፊቴ አነበበችው።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ፤ እኔኑ ልታጽናናኝ። «እሳቸውንም እግዜር ወስዷቸው የለ? ድምፃቸው ምን ሊሠራ ይቀራል?»

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ክፍሏ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። እኔም ዳቦዬን ብቻዬን እበላለሁ። ብዙ የሚያዝን ሰው አይደለሁም፤ ያ ጸጥታ ግን ከብዶኝ ነበር። አዲስ ዲስክ መጣ፣ ፎልደሩ እንደገና ተከፈተ፤ እኔ ግን ሁለተኛ «የጋራ» ብዬ አልሰየምኩትም። ዓመታት ሄዱ፣ ፍላሹ ከአንገት ወረደ፣ ጡረታ ወጣን፣ እሷም እኔም።

እንግዲህ ሰሞኑን ሚኒባሱ አቀስታ ገብቶ ሰው ሲወርድ ወደ ሾፌሩ ጠጋ አልኩ።

«ልጄ፣ የሽማግሌውን ዜማ ከየት አገኘኸው?»

«ከላላ መስመር ስሠራ አንድ ዲያቆን ሰጠኝ፣ አባቴ። እሱ ደግሞ ማሻ ካለ ተማሪ ነው ያገኘው። ወላሂ፣ ጠዋት ካልሰማሁት መሪው አይታዘዘኝም።»

«በሩን መለስ አድርጊው የሚለውስ?»

ሳቀ። «እሱን ሲሉ ነው ረዳቴ በሩን ሁለተኛ የሚፈትሸው!»

ማን ከፎልደሩ እንደወሰደው ዛሬም አላውቅም። አንዱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ማሻ ተዛውሮ መሆን አለበት። ኮምፒውተር ሳስተምር የኖርኩ ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ መያዜ ልጆቼን ያስቃቸዋል፤ የዚያን ቀን ግን ሚሞሪ ማስገቢያ ስላለው ጠቀመኝ። ሾፌሩ ሚሞሪውን ከቴፑ ነቅሎ፣ በቲኬት ቅዳጅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ «ነገ ጠዋት መካነ ሰላም መናኸሪያ ይመልሱልኛል» ብሎ። አላወቀኝም፣ አላወቅኩትም። አቀስታ ያመጣኝን ጉዳይ ትቼ በሚቀጥለው መኪና ተመለስኩ።

ጥሩወርቅ የምትኖረው አሁንም እዚያው አባቷ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። ስደርስ ደጃፉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እሷ ከብርሃኑ ፊት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጠጉሯ ነጭ ሆኗል፤ የእኔም እንደዚያው፣ ስለዚህ አልተነጋገርንበትም። «ቤት ለእንግዳ ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አለችኝ። ሚሞሪውን ስልኬ ውስጥ አስገባሁና መደቡ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

መቋሚያው መታ። ዶሮው ጮኸ። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችኝም፤ ወደ ስልኩ እንኳ አላየችም፣ ግድግዳውን ነበር የምታየው። «ጥሩዬ፣ በሩን መለስ አድርጊው፤ ነፋስ ገባ» ሲሉ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ተነሣች፣ ሄዳ በሩን መለስ አደረገችው። በስልኩ ውስጥ ያለው በርና ይህኛው በር አንድ ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጢጥ አሉ። ተመልሳ ስትቀመጥ ነው ያደረገችውን ያወቀችው። ያን ጊዜ ዕንባዋ መጣ። እኔም ዓይኔን አበስኩ፤ የምደብቀው ነገር አይደለም።

መሪጌታ ሲጨርሱ እጄን ልዘረጋ ስል አንድ ሌላ ድምፅ ተነሣ። ጠዋት መኪና ውስጥ በሐሳብ ተውጬ ስለነበር ልብ አላልኩትም። የወጣት ድምፅ ነው፤ አንዱ ተማሪ፣ ምናልባት ያ የማሻው፣ እንደ ዜማ ቤቱ ልማድ፣ ከመምህሩ ሥር ሥር ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ደግሞ ቀድቶታል። ልጁ መሪጌታን አላያቸውም፣ ስማቸውን እንኳ ማወቁን እንጃ፤ ግን ተምሮባቸዋል። መሀል ላይ ደረሰና ዝም አለ። ልክ በሩ የተዘጋበትን ያህል ዝም ብሎ ቆየና ቀጠለ። ቃሉን ትቶ ዝምታውን ይዞታል፤ የዜማው ሕግ መስሎታል።

ጥሩወርቅ ዕንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው።

«እዚህ ላይ አይቆምም እኮ! አባባ የቆሙት ለበሩ ነው!»

«ምን ይደረግ፣ ልጁ ምን ያውቃል?»

«ነገ ሌላው ከሱ ይማራል። አባባ ቢሆኑ ስሕተት አያሳድሩም ነበር።» ነጠላዋን አጣፋች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ይሄ ስልክ ይቀዳል?»

«ይቀዳል፤ እዚሁ ሚሞሪው ላይ።»

«እንግዲያው ይጫኑት።»

ጥሩወርቅ ስታዜም በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ የሰማ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ልጅነቷን ሙሉ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ሆና የሰማችውን፣ ዝቅ ባለ፣ ሻከር ባለ፣ በማይቸኩል ድምፅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው። ነፋሱ የገባበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሳታቋርጥ አለፈችው። ስትጨርስ ስልኬን አነሣሁ። የአባትሽን ቅጂ ዛሬውኑ አስቀዳልሻለሁ፣ ሚሞሪው ግን የሰው ነው፣ ለባለቤቱ ማለዳ መመለስ አለብኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

«የኔን እንዳያጠፉብኝ ጋሼ» አለችኝ። «የሰው ዕቃ ነው፤ ባዶውን አይመለስም።»